ከ12 በላይም ቁጥር አለ

በወላይታ ሶዶ ገበያ ስልክ አውጥቶ ሒሳብ መምታት የተለመደ ሆኗል። ቅቤ ሻጭዋም፣ እህል ነጋዴውም፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቁ ልጅም ጣታቸው ስልክ ላይ ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ስልኩ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ጣት ነው። ኪሎው 875 ብር ነው እንበልና ሦስት ኪሎ ቅቤ ሲሸጥ፣ 875 ሊነካ 785 የነካ ጣት 2,355 ብር ያወጣል። ትክክለኛው 2,625 ነው። ሻጭዋ 270 ብር ከሰረች፣ ገዢውም ሳያውቅ ይዞ ሄደ። እኔን የሚያሳስበኝ ስልኩ አይደለም፤ ሁለቱም 2,355ን ዓይተው «ይሄስ ቁጥር አይሆንም» አለማለታቸው ነው። በ875 እየተቆጠረ 55 ላይ የሚያልቅ ሒሳብ ፈጽሞ የለም። መጨረሻው ወይ 00፣ ወይ 25፣ ወይ 50፣ ወይ 75 ነው። ይህን ለማወቅ ማባዛት እንኳ አያስፈልግም፤ በልጅነት በ25 እየዘለሉ መቁጠር ይበቃል።

ቦዲቲ፣ አረካና ሶዶ ውስጥ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬም መንገድ ላይ ባጃጁን አቁሞ «ቲቸር፣ ይግቡ ላድርስዎት» የሚለኝ አይጠፋም። ስሙን አብዛኛውን ጊዜ አላስታውስም፤ እሱ ግን የትኛው ዴስክ ላይ ይቀመጥ እንደነበር ይነግረኛል። የዛሬው ነገሬ አንድ ነው፦ ልጆቻችን በትልልቅ ቁጥሮች እየዘለሉ መቁጠር ይማሩ። በ2፣ በ5 እና በ10 ብቻ ሳይሆን በ17፣ በ25፣ በ37፣ በ75፣ በ99፣ በ125።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ልጆች በ2፣ በ5፣ በ10 እየዘለሉ ይቆጥራሉ፤ በዜማ ነው፣ ለጆሮ ያምራል። ቀጥሎ ማባዣ ይመጣል። ማባዣ የሚባለው ደግሞ ደብተር ጀርባ ላይ የታተመው ነው፤ 12 ጊዜ 12፣ 144 ብሎ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ «ወደታች ጽፈህ አባዛ፣ ሁለት ጻፍ፣ ሦስት ያዝ» ነው። ወላጅ «ልጄ እኮ ማባዣ ጨርሷል» ብሎ ለጎረቤት ያወራል። ማባዣ ተጨረሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከ99 እንነሳ፤ ልጆች የሚፈሩት ቁጥር ስለሆነ። ሰሌዳ ላይ ወደታች ይጻፍ፦ 99፣ 198፣ 297፣ 396፣ 495፣ 594፣ 693፣ 792፣ 891፣ 990። አራተኛው ላይ ሳንደርስ ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ይጮሃል፤ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። መቶ ቤቱ አንድ አንድ ይጨምራል፣ አንድ ቤቱ አንድ አንድ ይቀንሳል፣ መሐል ያለው 9 አይነቃነቅም። ብዙ መምህር እዚህ ላይ «ጎበዝ!» ብሎ ያልፋል። ትምህርቱ ግን የሚጀምረው «ለምን?» ሲባል ነው። 99 መዝለል ማለት 100 ወደፊት ሄዶ አንድ ወደኋላ መመለስ ነው። ልጁ ይህን በራሱ አፍ ከተናገረው በኋላ 98 አያስፈራውም፤ 100 ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ። የ98 ብር ዕቃ ሰባት ገዝተህ ና ቢባል 700 ላይ 14 ቀንሶ 686 ይላል። ወረቀትም፣ ስልክም፣ «ሁለት ጻፍ ሦስት ያዝ»ም አልገባበትም።

የቅቤው 875ም ከዚህ አይለይም። 875፣ 1,750፣ 2,625፣ 3,500፣ 4,375፣ 5,250፣ 6,125፣ 7,000። በስምንተኛው ዝላይ ሰባት ሺህ ላይ ጉብ ይላል። 875 ከሺህ የጎደለው በ125 ነው፤ 125 ደግሞ ስምንት ጊዜ ሲደመር ሺህ ይሞላል። እያንዳንዱ ዝላይ ሺህ ወደፊት፣ 125 ወደኋላ ነውና በስምንተኛው ላይ ከስምንት ሺህ አንድ ሺህ ተመልሶ ሰባት ሺህ ይቀራል። ገበያ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት ቅቤ ሻጭ እናት ነበሩ፤ እንዴት እንደሚያሰሉ ጠይቄያቸው «ልጄ፣ መጀመሪያ ሙሉውን አድርጊው፣ ከዚያ ያልሆነውን መልሺ» አሉኝ። ስልጠና ላይ ስለ ሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይህን የሚያህል አጭርና ሙሉ ነገር የነገረኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ፈረሱላ ልሂድ። ቡናና በርበሬ በፈረሱላ በሚሸጥበት አገር እየኖሩ ልጆቻችን በ17 መቁጠር አለመቻላቸው ይገርመኛል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 17፣ 34፣ 51፣ 68፣ 85፣ 102። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስድስት ፈረሱላ ከኩንታል የሚበልጠው በሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ 12 ፈረሱላ 204 ኪሎ፣ 30 ፈረሱላ 510 ኪሎ ነው፤ በየስድስቱ አንድ ኩንታል ከሁለት ኪሎ። እስከ 300 ፈረሱላ ቢሄድ ሃምሳ ጊዜ ስድስት ነውና 50 ኩንታል ይሆንና ትርፍራፊው ሁለት ሁለት ኪሎ ተጠራቅሞ ራሱ አንድ ኩንታል ይሞላል፤ 51 ኩንታል። ይህን ጭንቅላቱ ውስጥ የያዘ ልጅ ከአይሱዙ ላይ የሚወርድ ጭነት ሲቆጥር ማንም አያጭበረብረውም። አረካ ውስጥ ዛሬ ቡና የሚነግድ የድሮ ተማሪዬ አንድ ቀን «ቲቸር፣ ያስተማሩኝ ሁሉ ጠፍቶብኝ የቀረኝ 102 ብቻ ነው» አለኝ። ሌላው በመጥፋቱ ባዝንም 102 እንጀራ ሆኖታል።

በዚያው በ17 ላይ ሌላ ነገር አለ። አንድ ቤቱን ብቻ ተመልከቱ፦ 7፣ 4፣ 1፣ 8፣ 5፣ 2፣ 9፣ 6፣ 3፣ 0። አሥሩም አኃዞች ተራ በተራ፣ አንዱም ሳይደገም ይመጣሉ፤ ከዚያ እንደገና ከ7 ይጀምራል። በ24 ስንዘል ግን 4፣ 8፣ 2፣ 6፣ 0 ብቻ ነው። በ35 ደግሞ 5 እና 0። ደንቡ ቀላል ነው፦ በ1፣ በ3፣ በ7 ወይም በ9 የሚያልቅ ቁጥር አሥሩንም አኃዝ ያዳርሳል፤ በ2፣ በ4፣ በ6 ወይም በ8 የሚያልቅ አምስቱን፤ በ5 የሚያልቅ ሁለቱን። በካርቶን 24 ፍሬ የያዘ ዕቃ የሚያመጣ ባለሱቅ፣ የተከፈተ ካርቶን ሳይኖር ቆጠራው 1,037 ቢያወጣ፣ ወይ ቆጣሪው ተሳስቷል ወይ አንድ ሰው ወስዷል። ኢተጋማሽ ቁጥር እዚያ ውስጥ የሚገባበት በር የለውም።

ይህን ሰሌዳ ላይ በሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ ጠመኔና ሲባጎ በቂ ነው። ክብ ይሣልና ዙሪያውን ከ0 እስከ 9 ይጻፍበት። ከ0 ተነሥቶ በ24 እየዘለሉ አንድ ቤቱን በመስመር ማገናኘት ነው፦ ከ0 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 0። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል፤ ሰንደቅ ዓላማችን ላይ ያለው ዓይነት። በ26 ቢዘለልም ያው ኮከብ ነው፣ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሣላል። በ17 ከሆነ አሥር ጫፍ ያለው ኮከብ ይሆናል፤ 13ም ያንኑ ኮከብ ወደኋላ ይሥለዋል። ሒሳብ የሚጠሉ፣ ሥዕል ግን የሚወዱ ልጆች በዚህ ሲያዙ ዓይቻለሁ። ምን እንደሚያዩ ሳይነገራቸው «ቲቸር፣ 7 እና 3 ተቃራኒ ናቸው» ይላሉ። ከ99 ጀምሮ ስንከተለው የነበረው ነገር እዚህም ተገኘ፤ አሥር በሚሞላ ክብ ላይ 7 ወደፊት መሄድ 3 ወደኋላ መሄድ ነው።

37 የግል ፍቅሬ ነው፤ አልደብቅም። 37፣ 74፣ 111። 148፣ 185፣ 222። 259፣ 296፣ 333። በየሦስተኛው ዝላይ ሦስት ተመሳሳይ አኃዝ ይሰለፋል፤ እስከ 27ኛው ዝላይ፣ እስከ 999። የሰፈራችን ዕቁብ 37 አባላት በነበሩት ጊዜ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። መዋጮው 300 ብር ሳለ ዕጣው 11,100፣ 600 ሲሆን 22,200፣ ኑሮው ከፍ ብሎ 1,500 ሲደርስ 55,500። ገንዘቡ ተቆጥሮ 55,300 ከመጣ ሁለት መቶ ጎድሏል፤ ደብተር መግለጥ አያስፈልግም። ኋላ አንድ አባል ተጨምሮ 38 ስንሆን ሁሉም ተደሰተ። እኔ ቅር አለኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ትልቅ ስል ደግሞ እውነተኛ ትልቅም አለ። አንድ ሚሊዮን ብር ለሰባት ወራሾች ይከፋፈል ቢባል ለእያንዳንዱ 142,857 ብር ይደርሰዋል፤ አንድ ብር ትተርፋለች። በዚህ ቁጥር እንዝለል፦ 142,857፣ 285,714፣ 428,571፣ 571,428፣ 714,285፣ 857,142። በስድስቱም ውስጥ ያሉት አኃዞች እነዚያው 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5 እና 7 ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን ሳይለቁ ይዞራሉ፣ የሚለያየው መነሻቸው ብቻ ነው። ሰባተኛው ዝላይ 999,999 ነው። ምክንያቱም አስማት አይደለም፤ 1ን ለ7 እያካፈሉ ሲወርዱ ቀሪዎቹ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1 ሆነው ይመጡና ከ1 በኋላ እንደገና 3 ይሆናሉ። ቀሪው ስለሚዞር መልሱም ይዞራል። ይህን ሰባተኛ ክፍል ሳሳይ፣ ማካፈልን እንደ ቅጣት የሚያዩ ልጆች በ13 እና በ17 ማካፈል የጀመሩት እኔ ሳላዛቸው ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚለኝ ሰው አለ። አይደለም። በትልቅ ቁጥር እየዘለሉ መቁጠር ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በዚህ አገር ሲሠራበት የኖረ ዕውቀት ነው፤ ስሙም የጾምና የበዓል ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ነው። እኔ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ባሕረ ሐሳብን ያስረዱኝ ጎረቤቴ የሆኑ መሪጌታ ናቸው፤ ሰሌዳ ሳይፈልጉ፣ በጣታቸው አንጓ። የፀሐዩ ዓመት 365 ቀን ነው፤ 12 የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ናቸው። ልዩነቱ 11 ነው። ስለዚህ በየዓመቱ 11 ይጨመራል፤ 30 ሲሞላ 30ው ይገደፋል፦ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6፣ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4፣ 15፣ 26፣ 7፣ 18። አበቅቴ የሚባለው ይህ ነው። ቀጣዩ 29 ሊሆን ይገባው ነበር፤ አንድ ተጨምሮለት 30 ይሞላና ወደ አልቦ ይመለሳል፣ የ19 ዓመቱ ዑደት ያልቃል። መጥቅዕ ደግሞ በ19 ይዘላል፦ 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24 እያለ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ነው።

መሪጌታ ይህን ሲነግሩኝ «ለምን ሁልጊዜ 30 ይሆናል?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «አንቺ የሒሳብ መምህር አይደለሽ?» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው ያው የቅቤው ሒሳብ ሆኖ አገኘሁት። 30 በሚሞላ ክብ ላይ 19 ወደፊት መዝለል 11 ወደኋላ መዝለል ነው። አንዱ በሄደው ልክ ሌላው ይመለሳል፤ ስለዚህ ድምራቸው አይናጋም።

በ2018 ዓ.ም. እንሞክረው። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠረው 5,500 ዓመት ላይ 2,018 ሲደመር 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለፉት ዓመታት፣ 12 ነው። 12 ጊዜ 11፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 ጊዜ 19፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። 12 እና 18፣ 30። ከዚህ ተነሥቶ ጾሙና በዓሉ የሚውልበት ቀን ይወጣል። ትውፊቱ ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ፣ የየትኛውም እምነት ይሁን፣ ይህን ስሌት መሥራት ይችላል። የሚያስፈልገው በ11 እና በ19 መዝለል ብቻ ነው፤ እስከ 12 ብቻ ማባዛት የለመደ ልጅ ግን 19 ላይ ይደናቀፋል።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። 365 ማለት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ሁለት። መስከረም 1 በ2017 ረቡዕ፣ በ2018 ሐሙስ፣ በ2019 ዓርብ ነው፤ የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስላላት 2020 ቅዳሜን ዘሎ እሑድ ይገባል። የእኛው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ በመስከረም በእሑድ ቀን ይውላልና ልጆች የመስከረምን እሑዶች ራሳቸው ማውጣት ይችላሉ፤ መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 4፣ 11፣ 18 እና 25 ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ የትኛው ጊፋታ እንደሆነ መወሰን ግን የልጆች ሥራ አይደለም፤ ጨረቃን የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉን።

ስለ ፈረንጅ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባል ዘዴ አለ፤ አንዱን ቁጥር እጥፍ እያደረጉ፣ ሌላውን ለሁለት እያካፈሉ ማባዛት ነው። ገበሬዎቻችን ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ይሠሩበት እንደነበር ይተረካል። ዘዴው ራሱ ግሩም ነው፤ እጥፍ ማድረግን መሠረት ያደረገ ማባዛት የጥንት ግብፆችም ይጠቀሙበት እንደነበር ከ3,500 ዓመት በፊት የተገለበጠ ፓፒረስ ይመሰክራል። በወላይታ ገበያ ግን ጠጠርና ጉድጓድ ይዞ የሚያባዛ ሰው ዓይቼ አላውቅም። ያየሁት ሙሉውን አድርጎ ያልሆነውን የሚመልስ ሰው ነው። ከሩቅ በተላከልን ተረት ከመኩራት አጠገባችን ባለው ዕውቀት መጠቀም ይሻላል።

ወደ ተቃውሞው ልምጣ። አንድ ወጣት መምህር «እትዬ፣ ሽምደዳን በሌላ ስም አመጡት እኮ» ብሎኛል። መልሴን እዚህም ልድገመው። ሽምደዳ የሚሆነው መልሱ ብቻ ሲፈለግ ነው። በ37 ሲዘለል 19ኛው ላይ ስንት እንደሚደረስ ማንም አይሸመድድም፤ ከሆነ ቦታ ተነሥቶ መድረስ ግድ ነው። አንዷ 20ኛውን 740 ታውቅና 37 ትመልሳለች፤ 703። ሌላው 18ኛው 666 መሆኑን አስታውሶ 37 ይጨምራል፤ 703። ሁለቱም ሰሌዳ ላይ ወጥተው መንገዳቸውን ሲያሳዩ ክፍሉ ሁለት መንገድ ይማራል። እንዲያውም ሽምደዳው ያለው ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ልጁ «ሰባት ስምንት፣ 56» ይልና ሰባት ዘጠኝ ስትሉት እንደገና ከ«ሰባት አንድ» ይነሣል። ከ56 ላይ ሰባት መዝለል እንደሚችል የነገረው የለም።

ሌላው ተቃውሞ የመጽሐፍ እጥረትና የክፍል ጥበት ነው። ይህ እውነት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የመጽሐፍ እጥረት በየትምህርት ቤቱ አስቸግሯል፤ በአንድ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው የሚማሩ ልጆችንም ሳስተምር ኖሬያለሁ። ለዚህ ትምህርት ግን መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ብዛቱም ይጠቅማል። ክፍሉ በሙሉ ይቆማል፤ ከፊት ዴስክ ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዝላይ ይላል፤ የሳተ ይቀመጣል ሳይሆን ጎረቤቱ «ከየት ተነሣህ?» ይለዋል። 65 ልጅ ባለበት ክፍል በ125 ከተዘለለ መጨረሻ ላይ ያለው ልጅ 8,125 ማለት አለበት። ሁሉም የራሱን ቁጥር አስቀድሞ ለማወቅ ጣቱን ማንቀሳቀስ ይጀምራል፤ «እኔ 24ኛ ነኝ፣ ሦስት ስምንት፣ ስለዚህ 3,000» የሚል ልጅ ሲገኝ የዕለቱ ትምህርት ተሳክቷል። ወደኋላም ይዘለል። መልስ መስጠት ወደኋላ መዝለል ነውና፤ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባለ 200 ብር ኖት ከመጣ ወዲህ በየሱቁ የሚሠራው ትልቁ ሒሳብ ይኸው መልስ ነው።

የእኛ ልጆች ሌላም ሸክም አለባቸው። እናታቸው ጭን ላይ በወላይትኛ ይቆጥራሉ፤ ገበያ ላይ አማርኛም ይሰማሉ፤ ክፍል ሲጨምሩ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ያው ቁጥር ሦስት ስም ይዞ ይመጣባቸዋል፤ ስሙን ሲፈልጉ ሒሳቡ ይጠፋቸዋል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው 99፣ 198፣ 297 ግን በሦስቱም ቋንቋ አንድ ነው። ቋንቋ የከበደው ልጅ በዓይኑ ያየዋል፤ ዓይኑ ካየ አፉ በየትኛውም ቋንቋ ይከተላል። በዚህ ምክንያት በትልቅ ቁጥር መዝለልን ከማንም በላይ እንደኛ ላለ ዞን እመክረዋለሁ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ በሙሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተና አሰጣጥ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ አወራ። ስለ ሦስተኛ ክፍል ያወራ ሰው አልሰማሁም። ችግሩ ሁሉ በዝላይ ቆጠራ ይፈታል አልልም፤ እንዲህ የሚል መምህር ካለ አትመኑት። ነገር ግን ከ144 በላይ ያለውን ቁጥር እየፈራ ያደገ ልጅ አልጀብራ ላይ ሲደርስ የሚሆነውን ሰሌዳው ፊት ቆሜ ዓይቼዋለሁ። ፊደሎቹ ሳይሆኑ ቁጥሮቹ ናቸው የሚያቆሙት።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። የዞኑና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል በየሒሳቡ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለዝላይ ቆጠራ ያውጡ፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ስብሰባም አያስፈልገውም። ደብተር አታሚዎች ሆይ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ማባዣ ተዉልን፣ ግን አጠገቡ የ17፣ የ25፣ የ75 እና የ125 ዝላይ ጨምሩበት፤ ቦታ አለ። መምህራን፣ «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት «ለምን» በሉ። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጃችሁን በ75 አስቆጥሩት። 75፣ 150፣ 225፣ 300 እያለ ይሂድ፤ በ20ኛው ዝላይ 1,500 ላይ መድረስ አለበት። ከደረሰ «ለምን በየአራቱ ዝላይ 00 ላይ ያልቃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካልደረሰ ነገ ጠዋት ይዛችሁት ትምህርት ቤት ሂዱና መምህሩን አነጋግሩ።